ሻል የለበሰ ወንበር

ስንቅነሽ ሽልማቷን በተቀበለች ማግስት ጎረቤቷ ረውዳ አጥሩን ሳታንኳኳ ቀረች።

ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው። ረውዳ የበርበሬ ወፍጮዋን ከማስነሳቷ በፊት በዘነዘና የቆርቆሮውን አጥር ታንኳኳለች፤ ስንቅነሽ ከወዲህ በኩል በልብስ ስፌት መቀሷ እጀታ ትመልሳለች። «ነቅቻለሁ፤ አለሽ ወይ?» እና «አለሁ» እንደ ማለት ነው። በ2074 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ሰው ሁሉ የፈለገውን ሰው በእጁ አምባር እያነጋገረ ሲውል፣ እነዚህ ሁለት ሴቶች ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ቆርቆሮ ይደበድባሉ። የሰፈሩ ሰው ሲስቅባቸው ከርሞ ሰልችቶት ትቷቸዋል።

የዚያን ቀን ስንቅነሽ መቀሷን ይዛ አጥሩ ሥር ቆመች። ወፍጮው ተነሣ፤ የበርበሬው ሽታ ከማዶ መጣ፤ ማንኳኳት ግን የለም። ረስታው ይሆናል ብላ ገባች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

ከዚያ ቧንቧው ጋ ተገናኙ። ስንቅነሽ ፈገግ ብላ ምነው ጠፋሽ አለቻት። ረውዳ ጀሪካኗን እያስተካከለች «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። እርስዎስ ደኅና ነዎት?» ብላ መለሰች። ስንቅነሽ ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትላት የኖረች ሴት ናት። ስንቅነሽ የወለደች ጊዜ ገንፎዋን ያገነፋችው፣ ሌሊት ሕፃኑን ያባበለችው እሷ ናት። አሁን እንደ ቀበሌ ሹም «እርስዎ» አለቻት፤ ጀሪካኗንም ተሸክማ ሄደች።

ስንቅነሽ ቤቷ ገብታ ለባሏ ለዘርጋ ነገረችው። ዘርጋ ነገር የማይከብደው ሰው ነው፤ የሰው ዕቃ ወስደሽ ሳትመልሺ ቀርተሽ ይሆናል አላት። ማድ ቤቱን ስትበረብር የረውዳን ወንፊት አገኘች። መቼ እንደወሰደችው ራሷም አታስታውስም። አጥባ ወሰደችላት። ረውዳ ተቀበለችና «አስቸገርኩዎት» አለቻት። ስንቅነሽ ይዛው ከሄደችው ግራ መጋባት የባሰ ግራ መጋባት ይዛ ተመለሰች።

ስለ ሽልማቱም መናገር ያስፈልጋል። የሰጣት «መሰንበቻ» የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ወረቀቱ ስንቅነሽ የብድር ኮሚቴ አባል ከሆነች ወዲህ ከአንድም ስብሰባ አልቀረችም፣ ድምፅ ሳትሰጥ ያለፈችው ውሳኔም የለም ይላል። ፎቶዋም አለበት፤ ዘርጋ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅሎታል። ስንቅነሽ የማኅበሩን አዳራሽ ከረገጠች ግን ዘጠኝ ዓመት አልፏታል።

ወረቀቱ አልዋሸም። ደንቡ በየብድር ኮሚቴው ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ይሁኑ ይላል። ሴቶቹ ተመረጡ፤ ልጅ የታመመባት፣ አማት የተኛችባት፣ ገበያ ያለባት እየበዛ ግን ወንበሩ ባዶውን ይውል ጀመር። ስለዚህ የቤት ጫና ያለባት ሴት እንደራሴ በሚባል ተናጋሪ ማሽን በኩል ትወስን ተባለ። እንደራሴው አንድ ዓመት ከሴትየዋ ጋር ስብሰባ ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ከወንበሯ ላይ በእሷ ድምፅ፣ በእሷ አነጋገር ይወስናል። ኑሮዋ እንዳይርቀውም በእጇ አምባር በኩል ውሎዋን ይሰማል። አምባሩን ማውለቅ ከስብሰባ እንደ መቅረት ይቆጠራል። ለወንዶች እንደራሴ አልተፈቀደም፤ ወንዶች ጊዜ አላቸው ተብሎ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኸይሩ በየወሩ መጨረሻ ሐሙስ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ይህን ሳያነሱም ስብሰባ ከፍተው አያውቁም።

ከክልል የመጡ አንድ እንግዳ ባዶ ወንበር ማየት ደስ አይልም ብለው ስለተናገሩ፣ ሴቶቹ በየወንበራቸው ላይ የሚደረብ ሻል ይልካሉ። የስንቅነሽ ሻል አረንጓዴ ነው። በስብሰባው ዋዜማ ታጥበዋለች፣ ትተኩሰዋለች፣ አጣጥፋ ለማኅበሩ ጥበቃ ትሰጠዋለች። ስብሰባው ሲያበቃ ይመለስላታል። ከወሳኝነቷ በእጇ የሚያልፈው ይኸው ሻል ብቻ ነበር። ስትተኩስ አንዳንዴ ነገ ምን እወስን ይሆን ትላለች፤ ከዚያ ቀሚስ የምታስጠብብ ደንበኛ ትመጣና ትረሳዋለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ አላስችል ብሏት ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ረውዳ ስታያት ወፍጮውን አጠፋች። ቅንድቧ ሳይቀር በበርበሬ ቀልቷል። ስንቅነሽ ምን እንዳጠፋች እንድትነግራት ለመነቻት፤ ካጠፋች ትካስ ዘንድ፣ ካላጠፋች ደግሞ ትረፍ ዘንድ።

«ወፍጮውን ሊሸጡት ነው» አለች ረውዳ። «ባለቤትየው ሐዋሳ ልጆቻቸው ጋ ሊገቡ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገዛሁት ቦታውን ለባትሪ መሙያ ጣቢያ ይሰጡታል። ማኅበሩን ብድር ጠየቅኩ። ወንዶቹ ሁሉ ይሁን አሉ። እርስዎ አይሆንም አሉ።»

«እኔ?»

«በራስዎ ድምፅ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።»

ስንቅነሽ ስብሰባ እንዳልሄደች፣ ወፍጮው እንደሚሸጥ ራሱ ገና አሁን መስማቷ እንደሆነ ማለች። ረውዳ መሐላውን በትዕግሥት ሰማችና እርስዎ ካልሆኑ ታዲያ ማን ነበር ብላ ጠየቀቻት። ረውዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በኪራይ በያዘችው በዚህ ወፍጮ ነው፤ ከእጇ ከወጣ ወልቂጤ እህቷ ጋ ከመግባት በቀር ሌላ መሄጃ የላትም። ይህን ስንቅነሽ ከማንም በላይ ታውቃለች። ረውዳ ወፍጮውን መልሳ አስነሣች፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር አልተቻለም።

በማግስቱ ስንቅነሽ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። ኤፍራታ የምትባለው ወጣት ጸሐፊ ስታያት ከወንበሯ ተነሣች። የኮሚቴ ሴት በእግሯ መጥታ አታውቅም።

«እትዬ ስንቅነሽ፣ ምነው? ሻሉ ጠፋ እንዴ?» አለቻት።

ሻሉ እንዳልጠፋ፣ የጠፋባት ሌላ ነገር እንደሆነ ነገረቻት። ያለፈውን ስብሰባ የድምፅ ቅጂ ልስማ አለች። ኤፍራታ ይህን የጠየቀ አባል ገጥሟት ስለማያውቅ የሚከለክል ደንብ መኖሩንም አታውቅም፤ ስለዚህ አሰማቻት።

መጀመሪያ የአቶ ኸይሩ ድምፅ ስለ ጉልበታቸው ተናገረ። ከዚያ የረውዳ ስም ተጠራ። ከዚያ ስንቅነሽ ራሷን ሰማች። ነገር ስትጀምር እንደምትለው «እንግዲህ እኔ እንኳ» አለች፤ እንደ ልማዷም ትንሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ረውዳ ጎረቤቴ ናት። ስወልድ ገንፎ ያገነፋችልኝ እሷ ናት። ከእህት አትለይብኝም። ስለዚህ አልደግፍም።»

ኤፍራታ ደግሞ አሰማቻት። ድምፁ የእሷ ነው። ስለ ረውዳ የተባለውም እውነት ነው፤ ራሷ ብትጠየቅ ከዚህ የተለየ አትናገርም። «ስለዚህ» ከምትለዋ በኋላ ያለው ነው የማይገባት። እህቴ ናት ብሎ እንዴት አልደግፍም ይባላል? የሌላ ሰው ሥራ እንዳትል ድምፁ የራሷ፣ የራሷ እንዳትል ልቧ ውስጥ የለም። ኤፍራታን የተበላሸ ነገር ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀቻት። ኤፍራታ እንዳልተበላሸ፣ የኮሚቴው የአራቱም ሴቶች እንደራሴዎች ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚወስኑ ነገረቻት። የሚያውቋት ሴት ስትጠይቅ ይከለክላሉ፤ የማያውቁት ሰው ሲጠይቅ ይፈቅዳሉ። በዚህች ከተማ ደግሞ ሴት ለሴት የማትተዋወቅ የለችም። ብድር የሚያገኙት ሴቶች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ መጥተዋል። ክልሉ ምክንያቱን ጠይቆ ነበር። የወሰኑት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚል መልስ ተጻፈለት፤ ክልሉም ከዝምድና የጸዳ አሠራር ብሎ ማኅበሩን አመሰገነ። ሽልማቱ የመጣው በዚያ ነው።

አቶ ኸይሩ በዱላቸው እየተደገፉ ሲገቡ ስንቅነሽን አይተው ቆሙ። ከዚያ እንደ ድሮው አገጫቸውን እያሹ ተቀመጡ። ነገሩ ለእሳቸውም ግራ ሆኖባቸው ስንት ዓመት እንደከረመ ተናገሩ።

ያኔ፣ የማዳመጫው ዓመት ላይ፣ ሴቶቹ ራሳቸው በኮሚቴው ይቀመጡ ነበር። የወዳጇ ወይም የዘመዷ ስም ሲነሣ አንዲት ሴት ቶሎ እደግፋለሁ አትልም። ለወገኗ አዳላች እንዳትባል ይሉኝታ ይይዛታል። ስለዚህ አልደግፍም ትላለች። ሁሉም ያውቃል፤ እንደ እንቢታ የሚቆጥረው የለም። ምግብ ቀርቦለት በቅቶኛል የሚል እንግዳን ማንም ጠግቧል ብሎ ገበታውን እንደማያነሳበት ማለት ነው። ወንዶቹ ይስቁና ነገሩን ያሳልፉታል፤ እሷም ልቧ ያርፋል። እንዲህ ሆኖ ሁሉም ሴት ብድሯን ታገኝ ነበር።

«አንቺ በአፍሽ አልደግፍም ትያለሽ» አሉ አቶ ኸይሩ። «ከዚያ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ሳብ አድርገሽ ፈገግ ትያለሽ። እኛ የምንይዘው ፈገግታሽን ነበር። አሁን ግን እንደራሴሽን ተይ እንጂ ስንለው ዝም ይለናል።»

እንደራሴው በዚያ ዓመት የሰማው አፏን ብቻ ነበር። ማየት ሥራው አልነበረም፤ ፈገግታ ደግሞ አይሰማም።

ስንቅነሽ ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ጠየቀቻቸው። ተናደደችም፤ ዱላቸውን ብትወስድባቸው ደስ ባላት። አቶ ኸይሩ የሴት ውሳኔን መጠየቅ ጫና ተብሎ እንደሚያስጠይቅ አስታወሷት። «ደግሞ ሥልጣን ስትይዙ ጊዜ የጨከናችሁ መስሎን ነበር» አሉ፤ ይህን ሲሉ አላዩዋትም።

ነገሩን ግን ማስተካከል እንደሚቻል ተናገሩ። የረውዳ ጥያቄ በወሩ መጨረሻ ሐሙስ እንደገና ይታያል። ወንዶቹ ሦስት ናቸው፤ የአንዲት ሴት ድምፅ ከተጨመረ ያልፋል። ስንቅነሽ መጥታ በራሷ ወንበር ልቀመጥ ብላ ትጠይቅ፤ ኮሚቴው ከፈቀደ በገዛ አፏ ትወስናለች። ስንቅነሽ በገዛ ወንበሬ ለመቀመጥ ፈቃድ እንዴት እጠይቃለሁ ልትል ፈለገች፤ ኤፍራታ ግን ጥያቄዋን መዝግባ ጨርሳ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ረውዳ ቤት ገባች፤ አጥሩን ዞራ፣ ሳይጠሯት። የሰማችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረቻት። ረውዳ መጀመሪያ አላመነቻትም። ከዚያ ስለ ፈገግታው ስትሰማ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እሷም በሌላ ቦታ፣ በዕድሩ ስብሰባ፣ እንዲያ ስታደርግ ኖራለች። ይኸንን ማስረዳት አያስፈልጋትም።

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትተኩሺው ሻል ነው እኔን ሲከለክለኝ የነበረው?» አለች።

«አንቺ» ብላታለች። ስንቅነሽ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ረውዳ ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረባት። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከመውጣታቸው በፊት ረውዳ ዘነዘናውን አንሥታ ወደ ጓሮ ሄደችና ሳምንታቱን ሙሉ የቀረውን ማንኳኳት በአንድ ጊዜ አንኳኳችው። ዘርጋ ከማዶ ምን ሆናችሁ ብሎ ጮኸ። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ማኅበሩ ሄዱ፤ መንገድ ላይ ያያቸው ሰው ሁሉ ሰርግ የሚሄዱ መስሎት ነበር።

አዳራሹ ስንቅነሽ ከምታስታውሰው ያነሰ ነው። በሦስት ወንበሮች ላይ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ በአራቱ ላይ ሻሎች። አረንጓዴው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ትናንት የተኮሰችው መስመር ሳይጠፋ ትከሻ ያለው ይመስል ወንበሩ ላይ ተደርቧል። ባለጉዳዮች ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ይቀመጣሉ። ስንቅነሽና ረውዳ እዚያ ተቀመጡ፤ ረውዳ ክንዷን አልለቀቀችም። ስንቅነሽ ወንበሯን ስታይ አንዳች ነገር ተሰማት፤ ቅናት አይደለም፣ ፍርሃትም አይደለም። ምን እንደሆነ አላወቀችውም።

አቶ ኸይሩ ጉልበታቸውን አስታውሰው ስብሰባውን ከፈቱ። የመጀመሪያው ጉዳይ የስንቅነሽ ነበር። ወንዶቹ ሦስቱም እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ሻሎቹ በተራ ተናገሩ። ግራጫው ስንቅነሽ የረጅም ጊዜ ባልደረባዬ ናት፣ ስለዚህ አልደግፍም አለ። ሌሎቹ ሁለቱም ቀጥለው ይህንኑ አሉ። አረንጓዴው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እኔ እንኳ፣ ስንቅነሽን ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ከእሷ የሚቀርበኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም። ስለዚህ አልደግፍም።»

ስንቅነሽ መሳቅ ይሁን መጮህ የሚገባት መለየት አቃታት። አቶ ኸይሩ «ተይ እንጂ» አሉ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ፣ ከዚያ ወደ አግዳሚው አዩ፤ ለየትኛዋ እንደተናገሩ እሳቸውም አላወቁም። ስንቅነሽ ደግሞ ሳታስበው፣ በቆየ ልማድ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ ፈገግ አለች። አቶ ኸይሩ አይተዋታል። ድምፅ የሚቆጥሩት ግን እሳቸው አይደሉም። ኤፍራታ ጥያቄው አለመጽደቁን አነበበች።

ሁለተኛው ጉዳይ የረውዳ ብድር ነበር። ረውዳ እስካሁን ያለውን ሁሉ በጥሞና ሰምታለች፤ አረንጓዴው ሻል ስለ ስንቅነሽ የተናገረውን ስትሰማ ክንዷ ጠንከር ማለቱን ስንቅነሽ አስተውላለች። ወንዶቹ እጃቸውን አወጡ። ሦስቱ ሻሎች፣ በርበሬያቸውን የምትፈጭላቸውን ሴት፣ አንድ በአንድ ወዳጄ ናት እያሉ ከለከሉ። አረንጓዴው ቀረ።

«እንግዲህ እኔ እንኳ፣ ከረውዳ ጋር ተኳርፈን ስለነበር ዛሬ ልደግፋት አስቤ ነበር። ጠዋት ግን ታረቅን። ክንዴን ይዛ ነው የመጣችው። ስለዚህ…»

ረውዳ ክንዷን ከስንቅነሽ መነጨቀች። ተነሥታ ወደ መሐል ወጣችና ጀርባዋን ለስንቅነሽ ሰጥታ ወደ ሻሎቹ ዞረች።

«አንዴ ይቆዩ» አለች። «ከወይዘሮ ስንቅነሽ ጋር አልታረቅንም። ጠዋት ያለቀስኩት ብድሩ እንዲያልፍልኝ ብዬ ነው። እጃቸውን የያዝኩትም ለዚሁ ነው። ከእንግዲህ አጥራቸውን አላንኳኳም። አላውቃቸውም።»

ስንቅነሽ ፊቷን ማየት ፈለገች። ከአግዳሚው የሚታየው የረውዳ ጀርባና የሻሿ ጫፍ ብቻ ነው። ረውዳ ብልህ ሴት ናት፤ ነገሩ ገብቷት፣ ሻሉን ለማታለል ይሆናል ይህን የምታደርገው። ወይስ ይህን ስታስበው ነው ጠዋት የሳቀችው? ያ ሁሉ ልቅሶ ምን ነበር? ስንቅነሽ አንድ ቃል ለመናገር ብትሞክር እንባዋ ወረደ፤ ሳትፈልግ እንደ ልጅ ተነፋረቀች። አምባሩ በእጇ ላይ ነበር።

አረንጓዴው ሻል እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እኔ እንኳ» አለ በመጨረሻ፣ «ሠላሳ ዓመት ከኖርኩ ሰው ይህን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አዝኛለሁ። ከእንግዲህ ቅርቤ አይደለችም። ስለዚህ እደግፋለሁ።»

አራት ለሦስት አለፈ። አንደኛው ወንድ ሊያጨበጭብ ብሎ ተወው። ኤፍራታ ውሳኔውን አነበበች፤ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ኮሚቴው በየወሩ እንደሚያየውና እንደ ሁኔታው ሊሽረው እንደሚችልም አነበበች። ይህ የተለመደ አንቀጽ ነው፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። የዚያን ቀን ሁለት ሴቶች ልብ አሉት።

ስንቅነሽ ውጭ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ረውዳ ወጣች፤ ሻሿ እስከ ዓይኗ ሥር ተጠምጥሟል። አጠገቧ ስትደርስ ለአፍታ ቆመች። የስንቅነሽን እጅ አየች፤ እጇን ይሁን አምባሩን አልታወቀም።

«ደኅና ይዋሉ፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ረውዳ ወፍጮውን ገዛች። በሩን ሰማያዊ ቀባችው። ቧንቧው ጋ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዷ ሌላዋን «እርስዎ» ትላለች፣ ሌላዋም ትመልሳለች። ስንቅነሽ የእውነት ይሁን የማስመሰል ማወቅ አልቻለችም። በአፏ መጠየቅ አይሆንላትም፤ በአፏ የሚወጣው ሁሉ ወንበሩ ጋ ይደርሳል። አንድ ቀን አቶ ኸይሩን መንገድ ላይ አግኝታ ረውዳ ስትናገር ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር በዓይኗ፣ በቅንድቧ፣ በአገጯ ጠየቀቻቸው። እሳቸው የጠየቀቻቸው ስለ ጉልበታቸው መስሏቸው እየባሰ መሆኑን ነገሯት። ለዘርጋ በዓይኗ ብትጠቅሰው ዓይንሽ ውስጥ ምን ገባ ብሎ ሊነፋላት መጣ። ስቃ ይሆን፣ እየቀለደች ይሆን፣ ጠልታኝ ይሆን እያለች ሻሏን ትተኩሳለች። በየወሩ የረውዳ ብድር ይታያል፤ በየወሩ አረንጓዴው ሻል ቅርቤ አይደለችም ይላል። እስካሁን ልክ ነው።

ቢጨንቃት አንድ ጠዋት መቀሷን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። ከማዶ ወፍጮው ይፈጫል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አልቆጠረችም፤ በእጀታው ቆርቆሮውን መታችው።

ወፍጮው ቀጥ አለ።

ስንቅነሽ ወደ ማድ ቤቷ ዞር ብላ አየች። አምፖሏ በርቷል፤ መብራት አልሄደም። ከማዶ ምንም አይሰማም፤ የሰው ትንፋሽ እንኳ። ከዚያ ወፍጮው ተነሥቶ መፍጨቱን ቀጠለ።

አምባሯ በገዛ ድምፅዋ ጠየቃት። «እንግዲህ እኔ እንኳ ሰማሁ። ለማን ነው ያንኳኳሽው?»

ስንቅነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ ፈገግ አለች።

«ለማንም» አለች።